በሕልም ብቻ የታየው ግድግዳ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሣህሉ ወልደጻድቅ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን፤ ሙቀቱም አለ፤ ባቡሩም ሲያሻው ይመጣል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት ስለካ ውዬ ስገባ እስክርብቶ ማንሣት ያቅተኛልና ይቅር በለኝ።

ሥዕሉ ደርሷል ወይ ላልከኝ ደርሷል። መንገድ ላይም አልተጨማደደም። የሲኒማ ቤቱን ሥዕል የሚሠራው ዒልሚ ከለገሃር ፊት ለፊት ባለው መጋዘን ግድግዳ ላይ አሳድጎ ሣለው። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሲሠራ እኔ ከታች ቀለም አቀብለው ነበር። አሮጊቷ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። በቀኝ በኩል ቀሚሷና ነጠላዋ፣ በግራ በኩል ባዶ አጥንት። ከእግሯ ሥር የላካችሁት ጽሑፍ አለ፤ «አጥንትዎ ከእርስዎ ቀድሞ አርጅቶ ይሆን?» ግራ እጇ ብቻ ትንሽ አጥሯል። ለዒልሚ ብነግረው «ምን ላድርግ አቦ፣ ግድግዳው አለቀብኝ» አለኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው ላልከኝ፣ የእናንተው ዶክተር አለምብርሃን ሲያሠለጥኑን እንደነገሩን የአጥንት ጥናቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው የዐዋቂው ሰው አጥንት እንዴት እንደሆነ ነው። ወተት ይጠጣል ወይ፣ ፀሐይ ያገኛል ወይ፣ ወድቆ ተሰብሮ ያውቃል ወይ እያልኩ ቤት ለቤት እጠይቃለሁ። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለ የሚያስደነግጥ ማስታወቂያ ሰውን ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣዋል ወይስ ያሸሸዋል የሚለው ነው። ሰዉንም እለካለሁ። ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና እጆቹን ይዘረጋል። ሰው ሲያረጅ ጀርባው ጎብጦ ያጥራል፤ የእጁ ዝርጋታ ግን እንደ ወጣትነቱ ይቀራል ይላሉ ዶክተሩ። ቁመቱ ከዝርጋታው ከጎደለ አጥንቱ ሳስቷል ብለን እንጠረጥራለን። እዚህ ደግሞ ሰው ቤቱ የሚገኘው ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሲተኛ ነው። እንቅልፍ የተጫናቸው ሽማግሎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲቆሙ ሊበሩ የተዘጋጁ ይመስለኛል። እኔም አብሬያቸው የማንጎላጅበት ጊዜ አለ፤ ለዶክተሩ እንዳትነግርብኝ።

እማዬ ደኅና ናት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያቺን ሴት ከየት አመጣሃት? አገጩ የእማዬ ነው፤ የነጠላው አጣጣል የእማዬ ነው፤ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ሥዕሉ ገና ሲጀመር ነው ያወቅኋት። እኔ ካወቅኋት ሰፈሩም ያውቃታል።

እህትህ ሰርካዲስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሰርካዲስ፣

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ይበልጣል። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ ቢሮ ውስጥ ካፖርታችንን ሳናወልቅ ነው የምንሥለው። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ ካዳነኝ ቅባት ጋር የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ልኬልሻለሁ።

ማንንም አስቤ አልሣልኩም ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ግን እውነቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እጇን የዘረጋች፣ የምታስፈራ አሮጊት ሣል አሉኝ። ጥፍሯ የረዘመ፣ ዓይኗ የጎደጎደ አንዲት ጠንቋይ ብሠራ ዶክተሩ ሳቁብኝ። ሌላ ብሠራ ደግሞ ሳቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ እርሳስ እንደያዝኩ አንቀላፋሁ፤ እዚህም ሆኜ የድሬ እንቅልፍ አልተወኝም። ስነቃ ወረቀቱ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ አገኘኋት። የሣልኩት ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም። ዶክተሩ ሲያዩዋት አልሳቁም። «ይህችን ላካት» አሉ። እኔም ገሚሷ አጥንት ስለሆነ የሚያውቃት አይኖርም ብዬ ተጽናናሁ።

አሁን ዶክተሩ ግራ ገብቷቸዋል። ከድሬዳዋ የመጣላቸው መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ማስታወቂያውን አይተዋል? አላየሁም። ቀጥሎ ያለውም አላየሁም። ሌላውም አላየሁም። «ግድግዳው በእርግጥ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ ወይ?

እማዬስ አይታዋለች? ምን አለች? ስቃ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ወንድምሽ ሣህሉ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሣህልዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። የላክኸው የጉልበት ቅባት ፎቶግራፍ አስቆኛል፤ ራስህን ነው የምታስተዋውቀው?

ግድግዳው አለ። ሆድ የሚያባባው ደግሞ መኖሩ ነው። ጡረተኛው የባቡር ነጂ አቶ ገብረ መድኅን በራቸውን ሲከፍቱ ሥዕሉ ፊታቸው ድቅን ይላል። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሥዕሉ ከጀርባዬ ነው፤ እሳቸው በትከሻዬ በኩል እያዩት «የቱ ግድግዳ?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ግድግዳ ላይ አጥንቱ ወጥቶ የተሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ቀበሌው አጠገብ ባርኔጣ የደፋ ዐፅም አለ፤ እሱ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ገበያው ጋ ጆንያ የተሸከመ ዐፅም አለ፤ እሱ አሻጥረኛ ነጋዴ ነው። የሁሉም ሠዓሊ ዒልሚ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው እማዬን እንዲያ ሆና ሲያያት ስለ ወተትና ስለ ፀሐይ አላሰበም። ጠላት ተብላ ተጋለጠች ነው ያለው። እንዲህ ላለ ነገር እስክርብቶ ይዞ ለሚመጣ ጠያቂ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። አላየሁም ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። የክርስትና እናትህን ማዘንጊያን ግድግዳ አስደግፌ ስለካት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ሥዕል እንኳ አላየሁም፤ በሕልሜ ግን አንዲት ሴት አየሁ» አለችኝ። በሕልሟ ሴቲቱ በተዘረጋ እጇ ላይ የለገሃርን ርግቦች ሁሉ አሳርፋ ነበር። ወተት ሻጭዋ ዓምራንም «ወላሂ እኔም በሕልሜ ነው» አለች። በእሷ ሕልም ሴትዮዋ ከግድግዳው ወርዳ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በባዶ እግሯ ትሻገራለች፤ በአጥንቷ በኩል ያለው እግር ዱካ አይተውም። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ይነግረኝ ጀመር። ሕልም ማንንም አያስጠይቅም። የዶክተሩ ወረቀት ላይ ሕልም የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ። ከሰፈር ሰፈር ስዞር እኔ ራሴ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የምሄደው አላውቅም።

እማዬ አይታዋለች ወይ ላልከኝ፣ እማዬ ሰሞኑን ብዙም አትወጣም። ሙቀቱ ትንሽ አድክሟታል። ጎረቤቱም ሰላምታ ቀንሷል፤ ያልፋል፤ አታስብ።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ፣

በኅዳር ምን ሙቀት አለ? የድሬ ልጅ መሆኔን ረሳሽው? እማዬ ሐሩሩ አስፋልት በሚያቀልጥበት በሰኔ እንኳ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ተርከሽልኛል፤ ስለ እሷ ስትደርሺ ግን ዘለልሽ።

ሕልሞቹን ለዶክተሩ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው የአሸዋውን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ግድግዳው በኖራ ይሸፈን ብዬ ብለምናቸው ግን እምቢ አሉኝ። ጥናቱ ሳያልቅ ከጠፋ የተለካው ሁሉ ከንቱ ይሆናል አሉ። ፈቃድ ብጠይቅ የመስከረሙ በዓል ላይ ወስደሃል አሉኝ። የይለፍ ወረቀት ለማግኘትም ቀበሌ ተመላልሼ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ ተመለስኩ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ሲነጋጋ በሕልሜ ግድግዳው በባቡር ተጭኖ ወደዚህ ሲመጣ አየሁ። በየጣቢያው ይቆማል፤ የሚያወርደው ግን የለም።

እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። እንዳላዝን ብለሽ የምትደብቂኝ ነገር ይበልጥ እየረበሸኝ ነው። እማዬ ምን ሆናለች?

ሣህሉ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ወንድሜ ሣህሉ፣

ተቀምጠህ አንብበው። ስለደበቅሁህ ይቅርታ አድርግልኝ፤ አንተ እዚያ ሆነህ ምንም ማድረግ ስለማትችል ነበር።

እማዬ ሥዕሉን ያየችው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየችው። ቤት ገባች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ አልለበሰችውም። ኅዳር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ጠበቅን። አንድም ሰው አልመጣም። ማዘንጊያ እንኳ አሞኛል ብላ ላከችብን። እማዬ ዳቦውን ሳታስቆርስ አመሸች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላሉት ነዳያን ወስጄ እንድሰጥ አዘዘችኝ፤ ወሰድኩ፤ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ተኛች። አንድ ቀን መስኮት ልትዘጋ ስትነሣ ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ ብላት፣ በግድግዳው በኩል ነው የሚታለፈው ብላ እምቢ አለችኝ። የሰው አጥንት ስለካ እየዋልኩ የእናቴን ማሳከም አቃተኝ። ወጌሻው ደሄቦ ከጀልዴሳ መጥቶ በቀርከሃ አሰረላት። ሲወጣ በር ላይ ይዞኝ፣ «እጇስ ይድናል። እንዲህ ተኝታ ከከረመች ግን እግሯ መሄድ ያቅተዋል። አስነሧት» አለኝ። እኔ ግን የሚያስነሣት ነገር የለኝም።

ያስተኛት የጎረቤት ፊት እንዳይመስልህ። ሥዕሉ ያንተ መሆኑን ገና ስታየው አውቃለች። «የሣህሉ እጅ ይጠፋኛል?» አለችኝ። «የገዛ ልጄ እንዲህ አድርጎ ከሣለኝ ያየብኝ ነገር አለ።» ያ ነገር ምን እንደሆነ ተኝታ ስትፈልግ ከረመች። አሁን አገኘሁት ትላለች።

ደብዳቤ መንገድ ላይ ብዙ ዓይን ያየዋል። ስለዚህ እንደ ሰፈራችን ሰው ላድርግና ሕልም ልንገርህ። እኔ ያኔ ሐረር ስለነበርኩ በዚህ ሕልም ውስጥ የለሁበትም። እማዬ በሕልሟ፣ በዚያ በክፉው ዓመት፣ የሌላ ሰው ልጅ ጓዳዋ ሸሽጋ ነበር። ሊወስዱት መጡ፤ አላየሁም አለቻቸው። አንተ በሩ ላይ ቆመሃል። አየኻትና ፊትህን አዞርክባት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን እንኳ አንሥተህላት አታውቅም። «ያኔ አፍሮብኝ ኖሯል፤ አሁን ግድግዳ ላይ አወጣው» ትላለች።

ምን ብዬ ልመልስላት? ሕልም መፍታት አላውቅም።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ፣ ይህን ለእማዬ አንብቢላት። ሌላ ምንም አትጨምሪበት።

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣

እማዬ፣ እጅሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

እኔም ያንኑ ሕልም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በሕልሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ተኝቷል። አንቺ ግቢው ውስጥ አንሶላ አጥበሽ፣ እንዳልተጨመቀ በሁለት እጅሽ ዘርግተሽ፣ የጓዳው በር ላይ ቆመሻል። ሰዎቹ ከፊትሽ ናቸው። «ልብሴን እንዳታቆሽሹብኝ፣ እባካችሁ ፈቀቅ በሉ» ትያቸዋለሽ። ውኃው ይንጠባጠባል። ከመካከላቸው አንዱ ጫማው እንዳይረጥብ ወደ ኋላ ይላል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። እኔ የግቢው በር ላይ ነኝ። ከአንሶላው ሥር የሰው ተረከዝ ይታየኛል።

ፊቴን ያዞርኩት ያን ጊዜ ነው። ተረከዙን ትክ ብዬ ባየው ኖሮ እነሱም እኔ ወዳየሁበት ያዩ ነበር። ዓይኔ እንዳያሳብቅብሽ ነው ያዞርኩት። ወደ መንገዱ እያየሁ ቆምኩ፤ ሕልሙ እስኪያልፍ ድረስ አንሶላው ሲንጠባጠብ እሰማ ነበር። ክንድሽ አንዴም ዝቅ አላለም። እነሱ ከሄዱ በኋላ መጥቼ አንሶላውን ልቀበልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላም ያላነሣሁት እንዲህ ያለ ነገር ዝም ሲባል ይሻላል ብዬ ነው። በአንቺ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ በሕልሜም በእውኔም።

እጇን የዘረጋች አሮጊት ሣል ያሉኝ እነሱ ናቸው፤ ለመለኪያቸው ነው። እኔ ግን እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ሲሉኝ ከአንቺ ሌላ አላውቅም። አጥንትም ሥራ ሲሉኝ የዚያን ቀን ያቆመሽን ሠራሁ። ላስፈራራብሽ አልነበረም።

ልጁም በሕልሙ ደኅና ነው። ድንበሩን ተሻግሮ፣ አግብቶ፣ ሴት ልጅ ወልዷል። ስሟን ወለተ ብሏታል።

ልጅሽ ሣህሉ


ድሬዳዋ፣ ጥር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሣህልዬ፣

ቶሎ ያልጻፍኩልህ ሐርላ ለልኬት ተልኬ ስለነበር ነው። አሁን የምነግርህንም ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ የነገሩኝን ነው የምነግርህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩላት ልሄድ ዋዜማ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰማችኝ። ስጨርስ «ውኃው ጫማው ላይ ሊንጠባጠብ እንደነበረም ጽፏል?» አለችኝ። ጽፏል አልኳት። «እንግዲያው አይቷል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። በነጋታው ጥያት ስሄድ ልቤ ተሰብሮ ነበር።

ስመለስ በራችን ላይ አቶ ገብረ መድኅን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ማዘንጊያ፣ ዓምራንና የማኅበሩ ሴቶች ግድግዳችንን ተደግፈው ቆመዋል። የሆነ ነገር ደረሰ ብዬ ሮጥኩ። አቶ ገብረ መድኅን ግን ገና ሳልቀርብ፣ «ሥዕሉን አይቻለሁ። አይቷል ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ለኪኝ» አሉ።

የነገሩኝ እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሲተኛ፣ እማዬ ተነሥታ ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች። ቀስ እያለች፣ ግድግዳ ግድግዳ እየያዘች፣ ለገሃር ድረስ ብቻዋን ሄደች። መጋዘኑን ተደግፋ ከሥዕሉ ሥር ቆመችና በቀርከሃ የታሰረውንም ደህናውንም እጇን ዘረጋች። ማንም አልነበረም። ከዚያ ከተማው አንድ በአንድ ነቃ፤ በር ሲከፈት፣ ሱቅ ሲከፈት፣ ሰው ዓይኑን እያሻሸ ሲወጣ እሷ እዚያው ናት። አቶ ገብረ መድኅን ሕልም መስሏቸው በራቸውን መልሰው ዘግተው ነበር፤ ደግመው ቢከፍቱም አልጠፋችም።

ተሰብስበው ሲያዩዋት ዒልሚ ከሲኒማ ቤቱ መሰላል ወርዶ መጣ። «ኧረ ይቺ ጠላት አይደለችም ዋሪያ፤ እኔ አይደለሁ እንዴ የሣልኳት! ጽሑፉን አታነቡም? አጥንታችሁን ተለኩ ነው የሚለው» አለ። እማዬም «እንግዲያው ለካኝ» አለችው። ቀለም በነካካው የግድግዳ መለኪያ ሲባጎው ለካት። ከዚያ ማዘንጊያ መጥታ ክንዷን ይዛ ቤት አደረሰቻት፤ መንገድ ላይ ሁለቱም እንዳለቀሱ ዓምራን ነገረችኝ። የወሩ ጽዋ ደግሞ ወደ እኛ ተመልሷል።

ዶክተሩ ይደሰታሉ፤ ሰው ወደ ልኬት እየመጣ ነው። ማስታወቂያው ነው ያመጣቸው ወይስ እማዬ ናት ቢሉህ እኔ መለየት አልቻልኩም በላቸው።

ፖስታው ውስጥ ያለው ሲባጎ ያው ነው፤ እማዬ ላኪለት ብላኝ ነው። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ቁመቷ፣ እስከ ሁለተኛው ዝርጋታዋ ነው። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ያለው አንድ ጋት በእርጅና ያጠረችው ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ይህን እንድጽፍልህ አዛኛለች፤ «ግራ እጄን አሳጥረውብኛል። ሁለተኛ ሲሥለኝ በዚህ ለክቶ ይሣለኝ፤ ግድግዳም ሲመርጥ ሰፊ ይምረጥ።»

እህትህ ሰርካዲስ